የነነዌ ሰኞ

ካርቱም በጦርነት ስትነድ ስንቱ ቤቱን፣ ስንቱ የወለደውን አጥቶ ወጥቷል። እኔ ግን እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ ጦርነቱ ከመነሣቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በአንድ ሰኞ ጠዋት የሆነብኝ ነገር ነው። ይህን ስል የሰማ ሰው ይታዘበኛል። ይታዘበኝ፤ የተበደልኩት እኔ ነኝ፣ የምናደደውም እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ወርቅውሃ ከመተማ ደወለችልኝ። እኔ ገዳሪፍ ነኝ፤ ያን ያህል አንራራቅም። «አበልጄ፣ በሕይወት አለሽ?» አለችኝ። «አለሁ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም የምንለው ጠፋን። ስምንት ዓመት ሙሉ ወሬ አልቆብን የማናውቅ ሰዎች ነበርን። ስልኩን ዘጋሁት።

ወርቅውሃ አበልጄ የሆነችው ሴት ልጇን ገሊላን ክርስትና ስላነሣሁላት ነው። ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን፣ እሷ ከባሏና ከልጇ ጋር በፊት ለፊቱ ቤት፣ እኔ በጓሮው እንኖር ነበር። የምንሠራውም አንድ ቦታ ነው። ያገራችን ሰው ልጆቹ አማርኛ እንዳይጠፋባቸው ብሎ የሚልክባት ትንሽ ትምህርት ቤት ነበረች። እሷ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፣ እኔ ስፖርት።

ስፖርት አስተማሪ ልባል እንጂ ሙያዬ ውዝዋዜ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ካርቱም ነው፤ አባቴ በደርግ ጊዜ ሸሽቶ የመጣ ሰው ነበር። ትልቅ ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ሄድኩና ከአንድ የባህል ቡድን ጋር ሁለት ዓመት ተወዛወዝኩ። እናቴ ስትታመም ተመለስኩ፤ እሷን ቀብሬ እዚያው ቀረሁ። ካርቱም ውስጥ ተወዛዋዥ ነኝ ያለች ሐበሻ ሴት ምን እንደምትባል የማያውቅ የለም። ስለዚህ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሰው ልጆችን በግቢው ማስሮጥ ሆነ ሥራዬ።

የውዝዋዜው ሐሳብ የመጣልኝ ከልጆቹ ነው። የኛ ልጆች ሲጫወቱ ዓረብኛ፣ ሲጣሉ ዓረብኛ፣ ሲያለቅሱ ብቻ አማርኛ። ሠርግ ቤት እናቶቻቸው ትከሻቸውን ሲሰብቁ እነሱ ግድግዳ ተደግፈው እንደ እንግዳ ያያሉ። ይህ ነገር አሳዘነኝ፣ ትንሽም አናደደኝ። ርእሰ መምህሩ አቶ ዘርይሁን ዘንድ ገብቼ፣ «ለአንደኛ ክፍሎች በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ውዝዋዜ ላስተምራቸው» አልኳቸው። አቶ ዘርይሁን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን እሺ የሚሉት ነገሩ ከማንም የማያጣላቸው ሲሆን ብቻ ነው።

«ክፍለ ጊዜው ከየት ይመጣል?» አሉኝ።

ወርቅውሃ እዚያው ቆማ ነበር። «ከኔ ይውሰዱ» አለች። «ከንባቡ ሁለቱን እሰጣታለሁ።»

አቶ ዘርይሁን አሰቡበት። «እንግዲያው ከፋሲካ በፊት ለወላጆች ታሳያለሽ። ወላጅ ከወደደው ለሁልጊዜው የትምህርት ክፍል ይሆናል። ካልወደደው ግን ኸላስ፣ ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ» አሉኝ። ስንወጣ ወርቅውሃን ኮሪደሩ ላይ አንቄ ሳምኳት። «ልቀቂኝ፣ ሰው ያየናል» እያለች ስትስቅ አሁንም ይታየኛል።

እስክስታ ትከሻ በማንቀጥቀጥ የሚጀመር የሚመስለው ሰው ትንሽ ልጅ አስተምሮ አያውቅም። የስድስት ዓመት ልጅ ትከሻህን አንቀሳቅስ ቢሉት ራሱም፣ ሆዱም፣ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። እኔ የጀመርኩት ከትንፋሽ ነው። ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው አስተኝቼ ደረታቸው ሲነሣና ሲወርድ እንዲያዩት አደረግሁ። ቀጥሎ ትንንሽ ከረጢቶች ሰፍቼ ምስር ሞላሁባቸውና አናታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ ከረጢቱ ሳይወድቅ ትከሻ ብቻ ይንቀሳቀስ ነው ጨዋታው። ከድሆቹ ሰፈር ከማዮ በሁለት ሃፍላ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚመጣው ቃለአብ ከረጢቱን ቀዶ ምስሩን ለግቢው ርግቦች በተነው። ሌላ ሰፋሁለት፣ እሱንም በተነው። ሦስተኛውን ግን አልነካውም፤ በዚያን ጊዜ ትከሻው ተፈትቶ ነበር።

ፊደሉን የጨመርኩት ለወርቅውሃ ብዬ ነው። ልጆቹ አያነቡም እያሉ ወላጆች ወጥረው ይዘዋት ነበር። አንድ ቀን ሲወዛወዙ ሳያቸው መጣልኝ። ሀ ሲሉ ቀኝ ትከሻ ወደ ፊት፣ ሁ ሲሉ ግራ። ሂ ሁለቱም ወደ ላይ፣ ሃ ወደ ታች፣ ሄ ወደ ኋላ። ህ ላይ ዝም ነው፤ ትከሻ ይቆማል፣ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። ሆ ላይ መላ ሰውነት ያርፋል። በቃላቸው ይዘው ያልዘለቁትን በትከሻቸው በአንድ ሳምንት ያዙት። ሮጬ ሄጄ ነገርኳት።

«ፊደል በትከሻ?» ብላ ሳቀችብኝ። «ሰው መሳቂያ ያደርገናል። ይልቅ አንቺ ውዝዋዜሽን፣ እኔ ፊደሌን።»

እኔም ፊደሉን ማስተማሩን ተውኩት። ልጆቹ ግን አልተዉትም፤ በእረፍት ሰዓት ከቧንቧው አጠገብ ተሰልፈው በትከሻቸው ሀሁ ሲሉ አያቸው ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ጾም ልናገር፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። እኔ ካርቱም ያደግሁ ነኝ፤ ወር የምቆጥረው በፈረንጅ ነው። ሁዳዴንና ፍልሰታን አልስትም። ሌላው ጾም መቼ ገብቶ መቼ እንደሚፈታ ግን እናቴ ነበረች የምትነግረኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ ይህን ሥራ ወርቅውሃ ያዘችው። ማንም ሳይጠይቃት፣ የጾሙ ዋዜማ በጓሮ በሬ ብቅ ትልና፣ «አበልጄ፣ ነገ ጾም ነው፤ ድስትሽን አጣጥቢ» ትለኛለች። በዓመት ውስጥ አንድም ጾም አዛንፋብኝ አታውቅም። ከጎረቤትነቷም ከአበልጅነቷም ይልቅ የምወድላት ይህን ነበር። እናቴ ያልሞተች ይመስለኝ ነበር።

ለወላጆች የምናሳይበትን ቀን የቆረጥነው ግቢያችን ውስጥ ነው። ጃንዋሪ ሊያልቅ ነበር።

«የሚመጣው ማክሰኞስ?» አልኳት።

«ማክሰኞ ሙዛሃራ ተጠርቷል። የባሕሪ ድልድይ ይዘጋል» አለች። በዚያ ዓመት ሰልፍ ሲጠራ ድልድይ መዘጋቱ የታወቀ ነው። «ጋሽ በለጠ መሻገር ካልቻሉ ለማን ልታሳዪ ነው?»

ይህስ እውነት ነበር። ጋሽ በለጠ የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። እሳቸው የወደዱትን ሁሉም ይወደዋል።

«በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ፈተና እሰጣለሁ። ሰኞ ይሁን፣ ፌብሩዋሪ ስድስት። በሳምንቱ መጀመሪያ የሰው ልቡ ክፍት ነው፤ እመኚኝ።» ከዚያ ስልኳን አወጣች። «ለወላጆች እኔ ልጻፍልሽ። የአንቺ አማርኛ በጽሑፍ ሲመጣ ከልጆቹ አይሻልም።»

ሳቅሁ። እውነቷን ነው። ጻፈችው፣ ላከችው፣ «ያላ፣ አለቀ» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ሌላ ነገርም አለችኝ። የልጆቹን የውዝዋዜ ሰልፍ የምትመራው ገሊላ ነበረች፤ ትከሻዋ እግዜር የሰጣት ነው። «ከገሊላ ሌላ የምትመራ ልጅም አለማምጂ» አለችኝ። «ልጅ ናት፣ ድንገት ብትታመምብሽስ?» እኔ ሞኟ አስተዋይነቷን አደነቅሁ። ልደት የምትባለውን ቀጭን ልጅ ለይቼ አስጠናሁ።

እሁድ ጠዋት ወርቅውሃ ነጠላዋን ተከናንባ በበሬ አለፈች። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ የልጆቹን መቀነት እጠቅማለሁ። ሌላ ጊዜ ብትሆን «ተነሺ፣ ቅዳሴ ያልፈናል» ብላ ትጎትተኛለች። ያን ቀን ግን፣ «አንቺ ሥራሽን ጨርሺ፤ ላንቺም እሳለምልሻለሁ» አለችኝና ሄደች። ሲመሽም በጓሮ በሬ ብቅ አላለችም። እኔም አልጠበቅኳት፤ ምኑን ብዬ ልጠብቅ። ሰኞ ጠዋት ደስ ብሎኝ ሁለት እንቁላል ጠብሼ፣ በሽንኩርት በቃሪያ አድርጌ በልቼ ወጣሁ። የኔ ምጣድ ሽታ በሷ መስኮት ነው የሚገባው።

አዳራሽ የምንለው ሁለት ክፍሎችን የሚለያቸው ግድግዳ ፈርሶ የተሠራ ረጅም ቤት ነው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ወላጆች ሞልተውታል። ሰላም ስላቸው እጃቸውን ሰጡኝ፤ ፊታቸውን ግን ነፈጉኝ። የመንገዱ አቧራና ግፊያ አማሯቸው ነው ብዬ አለፍኩት። እናቶቹ ሁሉ ነጭ ነጠላ ለብሰው ሳይ እንዲያውም ልቤ ተነካ። ለልጆቻቸው ክብር የለበሱት መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ መሆናቸውን ማን ነግሮኝ።

ወርቅውሃ ብቻዋን መጣች። «ገሊላን ሌሊቱን አተኮሳት» አለችኝ፣ ዓይኗን ወደ ሌላ አድርጋ። «ልደት ትምራ፤ ለምዳለች አይደል?» ለገሊላ ደነገጥኩላት። ከሥራ ስመለስ ሎሚ ገዝቼላት እገባለሁ ብዬ አሰብኩ።

ልጆቹን በር ላይ አሰለፍኳቸው። እንደ ሌላው ጊዜ አይገፋፉም፣ ፈዘዝ ብለዋል። ቃለአብ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ምነው የኔ ጌታ?» አልኩት።

«ቁርስ አልበላሁም፣ ቲቸር።»

«ለምን?»

«እማዬ ዛሬ የለም አለች።»

አንጀቴን በላው። ማዮ ነው፤ ቤት ውስጥ ቁርስ የሚጠፋበት ቀን አይታጣም ብዬ አሰብኩና እንዳላሳፍረው ሌላ አልጠየቅኩትም። አንድ ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ሁሉም ነገር ይወጣ ነበር።

ከበሮውን አንገቴ ላይ አጥልቄ መታሁ። ልደት እየመራች ገቡ። ከረጢቱ አሁንም አናታቸው ላይ ያለ ይመስል ራሳቸውን ቀጥ አድርገው ትከሻቸውን ብቻ ሲያንቀጠቅጡ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንደዚያ ቀን አምረው አያውቁም። ወደ መሀል ገብተው ሲዞሩ ጭብጨባ ጠበቅኩ። አንድም እጅ አልተነሣም። አንዲት እናት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች።

ጋሽ በለጠ ከወንበራቸው ተነሡ። በቀስታ ወደኔ መጥተው መዳፋቸውን ከበሮው ላይ አሳረፉ። ድምፁ ሞተ። ልጆቹም ቆሙ።

«ልጄ፣ ዛሬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ሰኞ ነው፣ ጋሼ።»

«ነነዌ ገብቷል።»

መዳፋቸውን ከከበሮው አላነሡም።

«የነነዌ ሰዎች ከሕፃን እስከ ከብቶቻቸው እህል ውሃ ከልክለው የለመኑበት ጾም ነው» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሌላ ቀን ብታሳዪን ተነሥቼ አጨበጭብልሽ ነበር። ዛሬ ግን የጾሙ ልጆችን በባዶ ሆዳቸው አቁመሽ ከበሮ ትመቺባቸዋለሽ?»

ጠዋት የበላሁት እንቁላል ትዝ አለኝ። ወርቅውሃን ፈለግኳት። ከእናቶቹ አጠገብ ቆማለች። ተሳስተን ነው ጋሼ፣ ቀኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ እንድትል ጠበቅኩ። አምላኬን፣ ያን ሰዓት እንኳ የጠበቅኩት ይህን ነበር።

«እኔማ ነግሬያት ነበር» አለች። የተናገረችው ለኔ አይደለም፤ ለወላጆቹ ነው። «ታስብበታለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ሰው የሚጮኽ ይመስለኝ ነበር። አይጮኽም። እኔ ከበሮውን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ። እናቶቹ እየመጡ ከየልጆቻቸው ወገብ መቀነቱን ፈቱ። አንዳቸውም መሬት አልጣሉትም፤ እያጣጠፉ ወንበር ላይ አስቀመጡልኝና ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ።

የቃለአብ እናት እትዬ በቀለች ብቻ ወደ ኋላ ቀረች። ማዮ ሻይ የምትሸጥ፣ ሰው ፊት ብዙ የማትናገር ሴት ናት። መቀነቱን በእጄ ሰጠችኝ።

«ቤርሳቤህ፣ ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አለችኝ። «ትናንት ከቅዳሴ ስንወጣ ወርቅውሃን ጠይቀናት ነበር እኮ። ነገ ጾም ይገባ የለም ወይ፣ ቀኑ ይለወጥ አልናት። ነግረናታል፣ እምቢ አለች፣ እሷ ዘመናዊ ናት አለችን።»

ያኔ ነው ሁሉም ነገር እየተያያዘ የመጣልኝ። ማክሰኞና ሐሙስ የቀሩት፣ ሁለተኛዋ መሪ፣ እሳለምልሻለሁ ያለችው፣ በጓሮ በር ብቅ አለማለቷ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ መቀነቶቹ ላይ።

ከሰዓት በኋላ ሎሚውን ሳልገዛ ገባሁ። ገሊላ ግቢው መሀል ገመድ ትዘላለች። ስታየኝ ሮጣ መጥታ ወገቤን አቀፈችኝ። ግንባሯን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ወርቅውሃ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ትኩሳቱ ለቀቃት?» አልኳት።

«ተሽሏታል» አለች ሳትዞር።

«ገሊላ፣ ወደ ቤት ግቢ የኔ ልጅ።» ልጅቷ ገባች። «ወርቅውሃ፣ እዪኝ። አውቀሽ ነው?»

እርጥብ አንሶላ በእጇ እንደያዘች ዞረች። ወንበዴ ይክዳል፣ ሌባ ይክዳል። ትካድ ብዬ ለመንኩ፤ ብትክድ አምናት ነበር።

«ፊት ለፊት ብነግርሽ ታለቅሺ ነበር» አለችኝ።

«አሁንስ?»

«አሁን የከለከለሽ ወላጁ ነው። እኔ አይደለሁም።»

ከዚያ አንሶላውን ጥላ መናገር ጀመረች። ጋሽ በለጠ እስከ ፋሲካ ልጆቹ ካላነበቡ ሌላ አስተማሪ ይፈለጋል ብለዋታል። ባሏ ሥራ ከፈታ ቆይቷል። «የመኖሪያ ኢቃማዬ የወጣው በትምህርት ቤቱ ስም ነው። ከሥራ ከወጣሁ ፖሊስ ለከሻ አፈሳ መጥቶ ወረቀት ቢለኝ ምን አሳያለሁ? አንቺ እዚህ ተወልደሻል፣ ከፖሊስ ጋር በቋንቋው ትጨቃጨቂያለሽ። እኔን ጭነው ይወስዱኛል። ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች ያስፈልጉኝ ነበር።»

«መልሺልኝ ብትይኝ እመልስልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «ትመልሺልኝና ዕድሜ ልክሽን ታኮርፊኛለሽ።»

ይህን ስትል ሳቄ መጣ። በእውነት ሳቅሁ፤ እሷም ልትስቅ ፈልጋ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሳቄ ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ።

«ገሊላን ለምን አስቀረሻት?»

«ልጄን በጾም አላስጨፍርም» አለች ወዲያው።

«እኔንስ?»

አንሶላውን ከመሬት አነሣች፤ አቧራ ነክቶታል፣ እንደገና ልታጥበው ይዛው ገባች። እኔም ወደ ጓሮዬ ሄድኩ። የፈራችው ወላጁን ነው፣ የፈራችው ኢቃማዋን ነው፤ እሺ፣ ይሁን። እግዚአብሔርን ደግሞ ለልጇ ፈራችላት። ለኔ ግን ማንንም አልፈራችም።

በማግስቱ አቶ ዘርይሁን ጠሩኝ። ነገሩ ለጊዜው ይቁም አሉኝ፤ ለጊዜው የሚሏትን ቃል ለሁልጊዜው እንደሚሏት አውቃለሁ። ቀኑን የቆረጠችው ወርቅውሃ ናት አልኳቸው። «ቢሆንም አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ጾም መግባቱን ማወቅ ነበረብሽ» አሉኝ። ክፍለ ጊዜዎቹ ወደ ንባብ ተመለሱ። ከበሮው የስፖርት ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ከተነፈሱ ኳሶች ጋር ተቀመጠ። ወርቅውሃ ግቢ ውስጥ ሰላም ስትለኝ እመልሳለሁ፤ በዚያ ብቻ እንተላለፋለን። ሁዳዴ ሲገባ በጓሮ በር ብቅ ያለ ሰው የለም። የነገረችኝ ጎመን የምትሸጥልኝ ሴትዮ ናት።

የሁዳዴ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ሦስተኛ ክፍሎችን ኳስ ሳጫውት ኳሷ እየተንከባለለች አንደኛ ክፍል ደጃፍ ሄደች። ላመጣት ጎንበስ ስል ከውስጥ ጠረጴዛ በማስመሪያ ሲመታ ሰማሁ። ያን አመታት አውቀዋለሁ። የኔ ነው።

በሩ ለአየር ተከፍቷል። ወርቅውሃ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳው አጠገብ ቆማ ጠረጴዛውን ትመታለች። ጋሽ በለጠና አቶ ዘርይሁን ከኋላ በልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ መጥቶ ተቀምጠዋል። የጋሽ በለጠ ፊት በርቷል። ልጆቹ ሀ ይላሉ፣ ቀኝ ትከሻ ወደ ፊት። ሁ ይላሉ፣ ግራ። ሂ፣ ሁለቱም ወደ ላይ። ማስመሪያው ወደሚያመለክተው ፊደል ዓይናቸውን ልከው ያነባሉ፤ በእውነት ያነባሉ።

መጀመሪያ ያየችኝ ከፊት የተቀመጠችው ገሊላ ናት። ትከሻዋ ወደ ላይ እንደወጣ ደርቆ ቀረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። አጠገቧ ያለችው ልደት ቆመች። ቃለአብ ቆመ። ከዴስክ ወደ ዴስክ እየተያዩ ሁሉም ቆሙ፣ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ዝም አሉ።

«ምነው ቆማችሁ?» አሉ ጋሽ በለጠ።

ገሊላ ለትልቅ ሰው ስትመልስ እንደተማረችው ተነሥታ ቆመች። «እማዬ ናት ያለችን» አለች። «ቲቸር ቤርሳቤህ ስትመጣ ትከሻ አቁሙ ብላናለች።»

ወርቅውሃ ዞረች። አየችኝ። ጋሽ በለጠ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሷን አዩ። ገባቸው። እንደገባቸው ፊታቸው ላይ አይቻለሁ፤ ስንት ሽምግልና የተቀመጡ ሰው ናቸው፣ ይህ አይጠፋቸውም። አቶ ዘርይሁን ሰዓታቸውን አዩ።

«ሁዳዴ ነው እኮ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ጋሽ በለጠ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄ ንባብ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ቀጥሉ።»

ወርቅውሃ ማስመሪያዋን አነሣች። «ያላ፣ ለ ብለን እንጀምር» አለች። ገሊላ አንዴ አየችኝና ተቀመጠች።

እኔ ኳሷን ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ። ል ላይ ሁሉም ዝም አሉ፣ ትንፋሻቸው ብቻ ተሰማ። ሎ ላይ አረፉ። አንድም ልጅ አልተሳሳተም። በደንብ ነው ያስተማርኳቸው።